«ታላቁ ምሁር ማን ነው?» ስለ አንድ ጥያቄና ስለ ሁለት ድምፅ አሰጣጦች

የሥነ ጽሑፍ ሂስ በማስተምርበት ክፍል ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ይኸውም «በሕይወት ካሉት ምሁራን ታላቁ ማን ነው?» የሚል ነው። ለዓመታት በፈገግታ አልፌዋለሁ። ዳሩ ግን ማንን ታላቅ እንደምንል፣ በምን መመዘኛ እንደምናነብ ያጋልጣልና ሊመረመር ይገባል።

ጥያቄውን በድምፅ ብልጫ ለመመለስ ተሞክሯል። ፕሮስፔክት የተባለው የእንግሊዝና ፎሪን ፖሊሲ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2005 የ100 ሰዎችን ስም ዘርዝረው አንባቢ እንዲመርጥ ጋበዙ። ከ20,000 በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጡ፤ ኖኣም ቾምስኪ አንደኛ፣ ኡምቤርቶ ኤኮ ሁለተኛ ሆኑ። ምርጫው በ2008 ሲደገም ዛማን የተባለው የቱርክ ጋዜጣ ወሬውን በፊት ገጹ አወጣ። ከ500,000 በላይ ድምፅ ተሰጠ፤ የሃይማኖት መምህሩ ፌቱላህ ጉለን አንደኛ ሲወጣ ቾምስኪ 11ኛ ሆነ።

ይህን ውጤት «የተደራጀ ድምፅ ነው» ብለው የነቀፉ አሉ። በበኩሌ ነቀፌታውን በከፊል ብቻ እቀበላለሁ። የ2005ቱም ውጤት ቢሆን የሁለት እንግሊዝኛ መጽሔቶችን አንባቢዎች ዝንባሌ ከማሳየት አላለፈም። ስለሆነም ጉድለቱን መፈለግ ያለብን ከመራጮቹ ይልቅ በጥያቄው ውስጥ ነው።

ቾምስኪን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ የሥነ ልሳንን አቅጣጫ ለውጧል፤ በ1967 ደግሞ በቬትናም ጦርነት ሳቢያ ስለ ምሁራን ኃላፊነት ጽፏል። በ2005 የመረጡት ሰዎች ድምፃቸውን የሰጡት ለሰዋስው ሊቁ ነው ወይስ የኢራቅን ጦርነት ለተቃወመው ሰው? የድምፅ ቆጠራ ይህን አይለይም።

የቃሉም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ከግዕዝ የወረስነው «ምሁር» የተማረ ማለት ነው፤ የሚመሰክረው ዕውቀትን ብቻ ነው። በፈረንሳይ የተለመደው አቻው ግን እ.ኤ.አ. በ1898 ኤሚል ዞላ በሐሰት ለተፈረደበት ለካፒቴን ድሬይፉስ በጋዜጣ ከተሟገተ በኋላ የአደባባይ ሙግትን ትርጉም አዝሎ ተስፋፋ። ዞላ በዚሁ ጽሑፉ ተፈርዶበት ወደ እንግሊዝ ተሰደደ።

እንግዲህ መመዘኛው ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ያለ ሰውየው ሥራ በዘርፉ መራመድ ይቻላል ወይ? ሁለተኛው፣ በአደባባይ የተናገረው እውነት ነው ወይ፣ ለእውነቱስ ምን ከፈለ? አንዱ በሌላው ሊተካ አይገባም። የባዬ ይማምን «የአማርኛ ሰዋስው» (1987 ዓ.ም.) ይዞ ሐረግ የሚተነትን ተማሪያችን የቾምስኪን ስም ባይጠራም በእሱ መንገድ ይጓዛል። የመጀመሪያው መመዘኛ የሚለካው እንዲህ ያለውን ነው።

መመዘኛው ጊዜ ይፈልጋል፤ በሕይወት ያለን ሰው በተመለከተም ፍርዳችን ጊዜያዊ ነው። ሁለቱ ምርጫዎች ሲካሄዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው፣ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ፊልሞች እያነበቡ ይዘታቸውን ይመዘግቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። በሺህ ስለሚቆጠሩ ብራናዎች የተዘጋጁት እነዚያ መዝገቦች ግን ዛሬም የግዕዝ አጥኚ ሁሉ መነሻ ናቸው። ይህን ሥራ የሚያውቀው በየቀኑ የሚገለገልበት ጥቂት ሰው ነው፤ የግማሽ ሚሊዮን ሰው ድምፅም ሊመዝነው አይችልም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ የማንን ሥራ ካላነበባችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን መጀመር ያቅታችኋል? ያን ሰው በሕይወት ሳለ አንብቡት፤ ተከራከሩትም።