ከጠርዙ ሥር

በሚቺጋን ሐይቅ ወደቦች ለሳልሞን የተሰናዳ ጀልባ ከኋላው ሲታይ ጃርት ይመስላል፤ የማጥመጃ ዘንጉ በየአቅጣጫው ተሰክቷል። የተመልካች ዓይን የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን ዘንጉን አልፎ ጎንበስ ይልና እጁን ከጀልባው ጠርዝ ሥር ሰዶ ይዳብሳል። ዕቃ የታሰረበት ቡሎን ጫፍ ጣቱን ከቧጨረው፣ ወይም ዳዶው ያለ ሮንዴላ ባዶ ፋይበርግላስ ላይ ከተቀመጠ፣ የቀረውን ለማየት ብዙም አይጓጓም።

ሳልሞን የዚህ ሐይቅ ተወላጅ አይደለም። ከባሕር በቦይ የገባው ደም መጣጭ ላምፕሬይ የሐይቁን ነባር ትራውት ፈጀው፤ በላተኛ ያጣው ኤልዋይፍ የሚባል ትንሽ ዓሣ ደግሞ ያለልክ ተራብቶ በየዳርቻው እየሞተ ይከረፋ ጀመር። በ1966 እ.ኤ.አ. ሃዋርድ ታነር ይመሩት የነበረው የሚቺጋን ግዛት የዓሣ ክፍል ከኦሪገን እንቁላል አስመጥቶ ያሳደጋቸውን የኮሆ ሳልሞን ጫጩቶች ለቀቀ፤ በዓመቱ ቺኑክ የሚባለውን ሳልሞን አስከተለ። (የባሌ ወንዞች ትራውትም ከኬንያ የመጣ እንግዳ ነው፤ ዓሣ ማዛወር የአንድ አገር አመል ብቻ አይደለም።) በ1967 የመጸው ወራት ኮሆው አድጎ ወደ ዳርቻ ሲቀርብ ሰዉ ያገኘውን ሁሉ እያንሳፈፈ ወጣ፤ ለትንሽ ኩሬ የተሠራ ጀልባ ሳይቀር። ሴፕቴምበር 23 ቀን የተነሣው ማዕበል 7 ሰው ገደለ። ዛሬም በእነዚያ ወደቦች ስለ ጀልባ ዝግጅት ሲወራ ያ ቀን መነሣቱ አይቀርም።

ከማዕበሉ ሌላ ጥልቀቱም አለ። ቺኑክ የሚወደው 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም የሆነ ውሃ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ላይኛው ውሃ ሲሞቅ ዓሣው 20 ሜትር፣ 30 ሜትር ይወርዳል። ጥቂት ግራም የምትመዝን አብረቅራቂ ማታለያ እዚያ ድረስ ወርዳ፣ እዚያው ሳትዋዥቅ መጎተት አለባት። ይህን የሚያደርገው ዳውንሪገር የሚባለው ነው፦ ከጀልባው ወጣ ያለ ክንድ፣ ጫፉ ላይ ፑሊ፣ በጥቅል ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የማይዝግ ብረት ገመድ፣ በገመዱ መጨረሻ 5 ኪሎ ግድም የሚመዝን የእርሳስ ኳስ። የዘንጉ ክር ኳሱ አጠገብ ባለ መቆንጠጫ ይያዝና አብሮ ይወርዳል። ዓሣው ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ይላቀቃል፤ ጎብጦ ሲጠብቅ የነበረው ዘንግ ቀጥ ይላል፤ ያኔ ነው ሰው የሚሮጠው። ከዚያ በኋላ ትግሉ ከዓሣው ጋር ብቻ ነው፣ እርሳሱ የለበትም። የመሣሪያው ውበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው፤ ክብደቱ ሥራውን ሠርቶ ከመሐል ይወጣል። መቆንጠጫው ከላላ ማዕበሉ ራሱ ይፈታዋል፤ ከጠበቀ ደግሞ ትንሽ ትራውት ነክሶ ማንም ሳያውቅ ሲጎተት ይውላል።

ወደ ቡሎኑ ልመለስ። 5 ኪሎ ሲነገር ቀላል ነው። ነገር ግን ጀልባው በማዕበል ሲነሣና ሲወድቅ ኳሱ እየነጠቀ ይስባል፤ ረጅሙ ክንድ ደግሞ ጉልበቱን አባዝቶ መሠረቱ ላይ ያሳርፈዋል። ያልተማረ እጅ አራት ቡሎን አስገብቶ፣ ሲሊከን ለቅልቆ ይሄዳል። በሁለተኛው ዓመት ውሃ በቀዳዳው ሰርጎ በፋይበርግላሱ መሐል ያለውን ኮምፔንሳቶ ያበሰብሰዋል፤ ላይ ላዩ ግን ያው እንደነጣ ነው።

ጥሩ ሠሪ ቀዳዳውን መጀመሪያ ከሚያስፈልገው አስፍቶ ይቦረቡራል። በዙሪያው ያለውን እንጨት ፍቆ ያወጣና ክፍተቱን በኢፖክሲ ይሞላዋል። ሲደርቅ በዚያው በኢፖክሲው መሐል በልኩ እንደገና ይበሳዋል። ከዚያ ወዲያ ውሃ ቢሰርግ እንኳ የሚያገኘው እንጨት የለም። የቀዳዳውን አፍ በጥቂቱ ያሰፋዋል፤ ማሸጊያው እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ቀለበት ሠርቶ ይቀመጣል፣ የላዩ ቀለምም አይሰነጠቅም። ከሥር ወፈር ያለ የአሉሚኒየም ሳህን ያስደግፋል፤ ማዕዘኑን አክብቦ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሶ። ሲያጠብቅ ቡሎኑን ከላይ ቀጥ አድርጎ ይይዝና ከሥር ዳዶውን ብቻ ያዞራል፤ ቡሎኑ ከዞረ ማሸጊያው ይቀደዳልና። ይህን ሁሉ ባለቤቱ በዕድሜው ላያየው ይችላል። ያ የሳህን ጠርዝ ለምን ተሞረደ ቢባል፣ አንድ ቀን እዚያ ጨለማ ውስጥ እጁን የሚሰድ ሌላ ሠራተኛ ስላለ ነው።

ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው። ኳሱን የሚያነሣው ሞተር ኃይል ይጠጣል፤ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ይግላል። ፊዩዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፣ በመሣሪያው ጫፍ ላይ ከሆነ የሚጠብቀው ነገር የለም። ሽቦው ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ከታየኝ ደስ ይለኛል፤ በላዩ የሚወርድ ውሃ ከጉብጠቱ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ከውቅያኖስ ዳር የመጣ ሰው ብረቱን ከመበላት ለማዳን ዚንክ ያስራል። ጨው በሌለው ሐይቅ ግን ዚንክ ይደነዝዛል፤ እዚህ ማግኒዚየም ነው ሥራውን የሚሠራው። በገመዱ ላይ ግማሽ ቮልት ያህል ካለ ሳልሞን ይሳባል ብለው መሣሪያ የሚገጥሙም አሉ። እኔ እንጃ። ቮልቱን ሲለኩ ግን የላላ ግንኙነትና የተበላ ብረት ስለሚያገኙ ልፋታቸው አይጠላኝም።

ስለ ሌላው ጋጋታ፣ ክሩን ወደ ጎን ስለሚወስዱት ተንሳፋፊ ሰሌዳዎች፣ በየ10 ያርዱ ቀለሙ ስለሚለወጠው ባለ እርሳስ ክር፣ ብዙ ተብሏል። ሁሉም ግን የሚወሰነው በጀልባው ፍጥነት ነው፤ ሳልሞን የሚጎተተው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ከእግረኛ አይበልጥም። ትልቁ ሞተር እንዲህ ማዝገም ስለማይችል በጎኑ ትንሽ ሞተር ይታከላል፤ ሁለቱን በዘንግ አያይዞ ከፊት በአንድ መሪ ማዞር ደህና ብልሃት ነው።

ይህም ካልበቃ በግራና በቀኝ ጎን ውሃ የሚይዝ የሸራ ከረጢት ይጣላል፤ ጀልባውን እንደ ፍሬን ይይዘዋል። የከረጢቱን ገመድ ርዝመት ብዙ ሰው በግምት ይቆርጣል። ያየሁት ምርጥ ሠሪ ግን መጀመሪያ ከማሰሪያው እስከ ፕሮፔለሩ ሜትር ዘረጋ፤ ከረጢቱንም አብሮ ለካ። ገመዱን ከዚያ አሳጥሮ ቆረጠው። ጀልባው በድንገት ቢዞር፣ ከረጢቱ እስከ መጨረሻው ቢወጠርም ምላጩ ጋ አይደርስም። ከዚያ የገመዱን ጫፍ በእሳት አቅልጦ ዘጋና ወደ ቀኙ ጎን ዞረ፤ እዚያ ያለው ማሰሪያ ከግራው ትንሽ ፈንጠር ብሎ ስለተገጠመ እንደገና ለካ።