የጎንደር ልጅ በፍሎሬንስ
ስለ ታምራት አማኑኤል ምስክርነትና ስለ ተማሪነት ኑሮአቸው

ከጎንደር አካባቢ ተነሥተው በኢጣልያ ከተማሩት ሰዎች መካከል ስማቸው በሊቃውንት ጽሑፍ ደጋግሞ የሚነሣው ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል ናቸው። የሚነሡት ግን በተማሪነታቸው ሳይሆን ስለ ወገኖቻቸው ስለ ቤተ እስራኤል በሰጡት ምስክርነት ነው። በፍሎሬንስ መማራቸው ባብዛኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀስና ወዲያው በአዲስ አበባ ስለ መሩት ትምህርት ቤት ይተረካል። ይህ አዘላለል ቀላል ጉድለት ይመስላል። ነገር ግን ምስክሩ የቆመበትን ስፍራ ያልመረመረ አንባቢ የምስክርነቱን ክብደት ሊመዝን አይችልም።

የታሪካቸው አካሄድ የታወቀ ነው። ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 እና በ1905 በአውሮፓ አቆጣጠር ቤተ እስራኤልን ጎብኝተው ሲመለሱ፣ በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ይማር የነበረውን ወጣት ታምራትን ከአንድ ሌላ ወጣት ጋር ይዘው ወደ አውሮፓ ሄዱ። ታምራት በመጀመሪያ በፓሪስ፣ ቀጥሎም በፍሎሬንስ ረቢ ሳሙኤል ማርጉሊስ ይመሩት በነበረው የረቢዎች ትምህርት ቤት ተማሩ። ፋይትሎቪች የፈለጉት የቤተ እስራኤል ሥርዓት ከሌላው ዓለም አይሁድ ሥርዓት ጋር እንዲቀራረብ ነበር። ስለዚህ ተማሪው የተላኩት መጽሐፍ ለመማር ብቻ አልነበረም፤ አኗኗርን ተምረው ይዘው እንዲመለሱም ጭምር ነበር እንጂ።

ይህ አኗኗር ምን ያህል የተለየ እንደ ነበር የዓርብ ማታን ብቻ በማነጻጸር ይታያል። በጎንደር ደጋ በቤተ እስራኤል መንደር ሰንበት ከመግባቱ በፊት እሳቱ ሁሉ ይጠፋ ነበር፤ የሰንበት ምግብም ቀዝቃዛውን ይበላ ነበር። በፍሎሬንስ አይሁድ ቤት ግን በዚያችው ሰዓት ለሰንበት ክብር መብራት ይበራል። በአገር ቤት ኦሪት በግእዝ ይነበብ ነበር፤ በፍሎሬንስ ግን ቅዱሱ ቋንቋ ዕብራይስጥ ነው፤ ለቤተ እስራኤል ደግሞ ዕብራይስጥ እንግዳ ነበረ። በአገር ቤት የፋሲካ መሥዋዕት ይታረድ ነበር፤ በፍሎሬንስ ይህ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ሐኑካ የሚባለውን በዓልም ቤተ እስራኤል አያውቁትም ነበር። ከሁሉ በላይ የማዕድ ጉዳይ አለ። ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» እስኪሏቸው ድረስ ከባዕድ ንክኪና ከባዕድ እንጀራ ይጠነቀቁ የነበሩ ሕዝብ ናቸው። ታዲያ ከነዚህ ወገን የሆነ ልጅ በፍሎሬንስ ማዕድ ሲቀመጥ የተቀመጠው ከወንድሞቹ ጋር ነው ወይስ ከባዕዳን ጋር? እርግጥ ከሚሲዮን ቤት የመጣ ልጅ ይህን ድንበር አስቀድሞ ተሻግሮታል፤ ይሁን እንጂ ድንበርን ሁለት ጊዜ መሻገር አንድ ጊዜ እንደ መሻገር አይደለም።

ይህን ይዘን ወደ ጽሑፋቸው እንመለስ። ዎልፍ ሌስላው በ1974 ያሳተሙት የታምራት ማስታወሻ ስለ ፈላሻ መነኮሳትና ስለ ቅዱሳን ቦታዎቻቸው የሚናገር ነው። (በርእሱ የገባው «ፈላሻ» የተባለው ስም በማኅበረሰቡ ዘንድ የተጠላ ነው፤ መጠሪያቸው ቤተ እስራኤል ነው።) የማስታወሻው ጥቅም አያጠያይቅም። ነገር ግን ምንኩስና በረቢዎች ሥርዓት ውስጥ ስፍራ የለውም። የአገሩን መነኮሳት ሊገልጽ የተነሣው ሰው ምንኩስና እንደ ባዕድ ነገር በሚታይበት ቤት የተማረ ሰው ነው። ስለዚህ የሚገልጸውን የሚመርጠው የጎንደር ዓይኑ ነው ወይስ የፍሎሬንስ ዓይኑ? ጠያቂው ስለ ገዳማቱ ብቻ ጠይቆ ስለ ተማሪው ቤት ሳይጠይቅ ከቀረ ይህ ጥያቄ መልስ አያገኝም። ታምራት በ1936 ዓመተ ምሕረት ስለ ኢትዮጵያ ደራሲዎች በአማርኛ ሲጽፉም ርእሳቸው የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው። በአማርኛ የሒስ ጽሑፍ ታሪክ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ሲሆኑ ስለ ሌሎች የጻፉት ስለ ራሳቸው ከጻፉት ይልቅ ታወቀ።

ይህ ዕጣ የታምራት ብቻ አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያን ጋር ከአገር ወጥተው በ1649 በሮም ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ወደ ጎታ ተጠርተው ሄዱ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ታሪክ በጎርጎርዮስ ቃል ላይ እጅግ የተመረኮዘ ነው። ይሁን እንጂ እርሳቸው አፄ ፋሲለደስ ካባረሯቸው ሰዎች ወገን ነበሩ፤ ጎንደር በተቆረቆረችበት ዘመንም በስደት ላይ ነበሩ። ስለዚያ መንግሥት የተናገሩት ሲነበብ ይህ ከዓይን ሊርቅ አይገባም።

የዘጌው ተወላጅ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ደግሞ በኢጣልያ ተምረው በኔፕልስ አማርኛ ያስተማሩ ናቸው። በ1908 በሮም ያሳተሙት የመንገደኛ መምሪያ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የቀረበ ንግግር ነው፤ በውስጡ የሚጓዘው ግን አውሮፓዊ ሲሆን የሚጓዝበትም አገር ኢትዮጵያ ነው። ደራሲው ራሳቸው የተጓዙት በተቃራኒው መንገድ ነበር። መጽሐፉ የኢትዮጵያን አስተዳደር ይነቅፋል፤ የነቀፋው መለኪያ የሆነው የኢጣልያ ኑሮ ግን ሳይገለጥ ይቀራል። ሐያሲም ከነቀፋው በፊት መለኪያውን ሊጠይቅ ይገባል።

እንዲህ ያለው ዝምታ የቋንቋው ድህነት ያመጣው ነው ማለት ከቶ አይቻልም። አቋቋም ሊማር ወደ ጎንደር በአታ ስለሚመጣው የቆሎ ተማሪ አማርኛ ሙሉ መዝገብ አለው። ደበሎው፣ አኩፋዳው፣ ኮቾሮው፣ ከመንደር ውሻ ጋር ያለው ጠብ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ መቆሙ፣ ሁሉም ስምና ወግ አለው። በዚህም ምክንያት ከዜማው ጋር የተማሪው ረኀብ ይታወቃል፤ ሊቁ ሲናገርም በምን ኑሮ ውስጥ አልፎ እንደ መጣ ሰሚው ይረዳል። ወደ ሮም፣ ወደ ቶሪኖና ወደ ፍሎሬንስ የሄደው ተማሪ ግን ይህን የመሰለ የወግ መዝገብ በቋንቋው አላገኘም።

ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ኤማኑኤላ ትሬቪዛን ሴሚ በ2000 በቶሪኖ ያሳተሙት የታምራት ደብዳቤዎች መድበል ነው። አዘጋጇ ምስክሩን ከወገኖቹ ጥላ አውጥተው ራሱን የቻለ ሰው አድርገው በማቅረባቸው ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። ነገር ግን ለፋይትሎቪች የተጻፈ ደብዳቤ ላስተማረና ለረዳ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ወጪን መቁጠር፣ ምስጋናን ማቅረብና ቅሬታን ማለዘብ የእንዲህ ያለው ደብዳቤ ጠባይ ስለ ሆነ እንደ ዕለት ማስታወሻ ሊነበብ አይችልም። መጽሐፉም የወጣው በኢጣልያንኛ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚው ከሃይማኖት ክርክሩ ይልቅ ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ብርድና ስለ ገንዘብ በተጻፉት ተራ መስመሮች ላይ ቢጠነቀቅ፣ ከጎንደር ደጋ ለሚነሣው ተመራማሪ የሚበልጠውን ክፍል ያተርፍለታል።