እግሩ የእኔ ነው

ቼሎ ስለምጫወት በኳርቴት ውስጥ ቦታዬ ከታች ነው። ዜማው ብዙውን ጊዜ ከቫዮሊኖቹ ጋር ይውላል፤ እኔ መሬቱን እይዛለሁ። መሬት መያዝ ቀላል ይመስለኝ ነበር፣ የፍሎረንስ ፕራይስ የኤ ማይነር ኳርቴት ሦስተኛ ክፍል እስኪያጋልጠኝ ድረስ።

የክፍሉ ስም «ጁባ» ነው። ጁባ በአሜሪካ ደቡብ እርሻዎች በባርነት ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ጭፈራ ነው። በሳውዝ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1739 ባሮች ካመፁ በኋላ፣ መጠራሪያ ይሆናል ተብሎ ከበሮ በሕግ ታገደ። ከበሮ በሌለበት ሰውነት ከበሮ ሆነ፦ እጅ ጭንና ደረት ይመታል፣ እግር መሬት ይረግጣል። ፕራይስ ይህን ነው ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች የጻፈችው።

መጀመሪያ ላይ አሳምረን አበላሸነው። የቪየና ዳንስ ይመስል ነበር። ዜማው ከምቱ ቀድሞ ሾልኮ ሲወጣ እኔ ላግዘው ብዬ ትንሽ እጠብቀዋለሁ፤ በጠበቅሁት ቁጥር ይሞታል። ቪዮላ ተጫዋቻችን ሰልችቶት መሣሪያውን አስቀመጠና ጭኑን መምታት ጀመረ። ተከተልነው። ለእኔ የደረሰኝ ተረከዝ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ፦ እነሱ እንደ ልባቸው የሚሾልኩት እኔ ንቅንቅ ካላልኩ ብቻ ነው። አሁንም ልምምዳችንን የምንጀምረው በባዶ እጃችን ነው (ከታች ያለው ጎረቤቴ ስለ ፕራይስ ያለው አስተያየት ጥሩ አይደለም)። ወደ ቼሎው ስመለስ ደጋኑን ከእጀታው አጠገብ፣ በአጭሩ፣ እንደ እርግጫ አድርጌ ነክቼ ክሩን ቶሎ እለቀዋለሁ።

ሁለተኛው ክፍል ዝማሬ ነው፤ ልምድ ያለውን ክንድ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው የኖታው ንጣት ነው። የቤትሆቨን ቅጂዬ በአስተማሪዬና በአስተማሪዋ እርሳስ ጠቁሯል፤ የትኛው ጣት፣ ደጋኑ ወዴት፣ የት እንደሚተነፈስ ተጽፎበታል። የፕራይስ ቅጂ ሲደርሰኝ አንድም ምልክት አልነበረበትም። ሴትዮዋ ግን ያልታወቀች አልነበረችም። በ1887 ሊትል ሮክ፣ አርካንሳስ ተወለደች፤ በ1933 የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ሲምፎኒዋን ሲጫወት፣ በታላቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ ሥራዋ የቀረበላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በ1953 አረፈች። በ2009 ኢሊኖይ ውስጥ ሴንት አን በምትባል ከተማ ሰዎች አንድ የተተወ ቤት ሊያድሱ ሲገቡ፣ የወደቀ ዛፍ ጣሪያውን ቀዶታል፤ ዝናብ ባልደረሰበት በኩል የእጅ ጽሑፎቿ ተከምረዋል። ቤቱ የበጋ ማረፊያዋ ነበር። ጣሪያው ትንሽ ወደዚያ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁለት የቫዮሊን ኮንቼርቶዎቿን አንሰማም ነበር።

ዛሬ ትጋበዛለች። ችግሩ ጋባዦች የሚደውሉልን የጥቁሮች ታሪክ ወር በሚታሰብበት በፌብሩዋሪ መሆኑ ነው። ሃይድንን በወር የሚመድበው የለም። እኛ በግንቦትም በጥቅምትም እንጫወታታለን፤ ጁባ በደንብ የሚሠራው እጅ ሲለምደው ነውና።

በቅጂዬ ላይ፣ ያ የማበላሸው ቦታ አናት ላይ፣ «አትጠብቂው» ብዬ በእርሳስ ጽፌ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ተውሳኝ መለሰችልኝ። የእኔን አጥፍታ «ርገጪ» ጽፋበታለች።