የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ

ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱን የአዲስ አበባ ሰው በመድረክ አይቶታል። ቲያትር ቤት ላልነበራት ለዋግ ከተማ ለሰቆጣ ግን መድረኩ ሬዲዮ ነበር፤ ያውም የባትሪ ድንጋዩ እስኪደክም።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው እሱ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ፣ ጉዱ ካሳ ሲሳለቅ፣ ሰብለ ወንጌል ስትጨነቅ፣ ሁሉም የሚወጡት ከአንድ ጉሮሮ ነው። ሆኖም ማን እየተናገረ እንደሆነ ለመለየት ስም እስኪጠራ መጠበቅ አያሻም። ትንፋሹን የት እንደሚቆርጥ ያውቅበታል። አድማጭን አያጣድፍም፤ ቃሉን እስከ መጨረሻ ፊደሉ ይጨርሳል። በኽምጥኛ አፉን ለፈታ የዋግ ልጅ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም፤ የመጽሐፉ የጎጃም አማርኛ ከነለዛው ጆሮው ውስጥ ይገባል።

ልብ ወለዱን ያለ እሱ ማንበብ ይቻላል፤ አንብቤዋለሁም። ጉዱ ካሳ ግን ከገጹ ላይ እንኳ የሚያናግረኝ በወጋየሁ ድምፅ ነው። ደራሲው ይቀየሙ ይሆን? አይመስለኝም። ትረካው ባይኖር ኖሮ መጽሐፉ ይኖረን ነበር፤ ማንበብ ያልቻሉት እናቶቻችን ግን ስለ ሰብለ ባላለቀሱ ነበር። ዛሬ ትረካው ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ ባትሪው ብቻ ነው የተሻለው።