ዋስ ማን ይሁን?

ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው። እኔም በጭሮ (የኔ ዕድሜ ሰዎች አሁንም አሰበ ተፈሪ ነው የምንላት) ባልና ሚስት ለማስታረቅ መቀመጥ ስጀምር እንደዚያ ነበርኩ። ማስታረቅ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን አሁን ቀድሜ የምጠይቀው "የጥፋቱን ዕዳ ሲከፍል የኖረው ማን ነው?" ብዬ ነው። መልሱ ያጠፋው ሰው ሆኖ የተገኘው ከስንት አንዴ ነው።

አንዱን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ሰዎቹ እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ። ልጁ ባጃጅ ነጂ ነው። ባጃጇን የገዛችለት ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ እህቱ ናት። ሚስቱ ሁለት ልጆቿን ይዛ ሂርና፣ ወላጆቿ ቤት ገብታለች። ነገሩ የለመድነው ነው፦ ከሰዓት የጫት በርጫ፣ ማታ የመጠጥ ጨብሲ፣ ጠዋት ዱካክ ተጫጭኖት እስከ ረፋድ መተኛት። ባጃጇ ግቢ ቆማ ትውላለች።

ያልለመድኩት የሱቁን ደብተር ነው። ዱቤው ስንት እንደደረሰ ልጠይቅ ብሄድ ባለሱቁ ገለጠልኝ። የልጁ ስም የለም። ሲጋራው፣ ለስላሳው፣ ስኳሩ፣ የሞባይል ካርዱ፣ ሁሉም በእናቱ ስም ተጽፏል። ወር በመጣ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ከስረዛው ጎን በትንሹ "ጅዳ" ተብሎ ተጽፏል። እህት ትልካለች፣ እናት ትከፍላለች፣ እሱ ይቅማል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ባለዕዳ ሆኖ አያውቅም።

እናትየውን ጠየቅኳቸው። "አቦ ምን ላድርግ! ስሙ በየሱቁ ሲጠራ የምዋረደው እኔ አይደለሁ?" አሉኝ። ገመና መሸፈን ነው እንግዲህ። ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ሥራችን እንዴት በቀለለ!

ወጋችን ታራቂው ዋስ ይጥራ ይላል። የሚጠራው ታዲያ የሚወደውን ሰው ነው፤ እናቱን፣ ወንድሙን፣ አጎቱን። ቃሉን ሲያፈርስ ዋሱ ይከፍላል፣ እሱ ምሕረት ያገኛል፣ በዓመቱ ደግሞ ያንኑ ዋስ ይጠራል። እኔ ራሴ ስንቱን እናት ዋስ አድርጌ አስፈርሜያለሁ። አሁን የሥጋ ዘመድ ዋስ አልቀበልም። ለዚህ ልጅ የወሰድነው የባጃጆቹን ተራ አስከባሪ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተራው ላይ ካልተገኘ ባጃጇ ለአንድ ወር ለሌላ ነጂ ትሰጣለች፤ የቀን ገቢውም በቀጥታ ለሚስቱ ይደርሳል። ተራ አስከባሪ አያባብልም፤ አይራገምም። ሰዓቱን ዓይቶ ቀጣዩን ይጠራል።

እህትየውን በኢሞ አገኘናት። አለቀሰች። "ካልላክሁ እማዬ ትቸገራለች" አለች። አትላኪ አላልናትም፤ ገንዘቡ የሚያልፍበትን እጅ ነው የለወጥነው። የልጆቹ ክፍያ ለትምህርት ቤቱ፣ የእናት መድኃኒት ለመድኃኒት ቤቱ፣ ለሱቁ ምንም። እናት ቆይተው አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ "ምሳም ልከልክለው?" ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሰው ማገዝን መተው ማለት ፊት መንሳት ይመስለዋል። አይከልክሉት፣ አብረውት ይብሉ፣ ሲታመም ያስታምሙት፤ ዕዳውንና ውሸቱን ብቻ አይሸከሙለት አልኳቸው።

በነገራችን ላይ፣ እኔም እቅማለሁ። እዚህ ጫት ሱስ ብቻ አይደለም፤ የገለምሶና የበዴሳ ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው፣ ቤቱን ቆርቆሮ የሚያለብሰው በእሱ ነው። ቅጠሉ በሁለት ቀን ኃይሉን ስለሚያጣ ነው አይሱዙዎቹ በአስፋልቱ ላይ እንደዚያ የሚከንፉት። ስለዚህ "ተው" ብዬ አልሰብክም። የጫት ጣጣ ያመጣውን ጠብ በርጫ ላይ ተቀምጦ መዳኘት ግን አይሆንም፤ ለብዙ ዓመት አድርገነዋል፣ እያፈርኩ ነው የምናገረው። ምርቃና ላይ ሁሉም ሰው ደግ ነው። ሽማግሌው ይምራል፣ ባል ይምላል፣ ማታ ሁሉም ይረሳል። አሁን የምንቀመጠው ጠዋት ነው፣ በቡና።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ እኛው ሽማግሌዎቹ ሠርተናል። አንዲት ሴት ባሏ እንደሚደበድባት እያለቀሰች ነግራን "ለልጆችሽ ስትይ" ብለን መለስናት። በወሩ እጇ ተሰብሮ መጣች። ያ እጅ የተሰበረው ባሏ ስለመታት ብቻ አይደለም፤ እኔ ስለመለስኳትም ነው። ዱላ ያለበትን ጉዳይ ከዚያ ወዲህ ለማስታረቅ አልይዝም፤ ሴትየዋን ይዤ ፖሊስና የሴቶች ጉዳይ ቢሮ እሄዳለሁ።

የሽማግሌ ሥልጣን ድሮ ከዚህም የሰፋ ነበር፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት አሳልፎ ለሽማግሌዎች ማስታረቁን ተወላቸው። የተቀየሙ ሽማግሌዎች አውቃለሁ፤ እኔ ግን ደግ አደረጉ ነው የምለው። ያው ሕግ ፍርድ ቤቱ ለባልና ሚስቱ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። እኔም ከዚያ ተምሬ ለእያንዳንዱ እርቅ ሦስት ወር እቀጥራለሁ፤ ከዚያ በፊት "ታርቀዋል" አልልም።

ዕዳ ተሸካሚዎቹን እናቶችና ሚስቶችስ ማን ያስባቸው? አሜሪካ ውስጥ በ1951 እ.ኤ.አ. የሰካራም ባሎች ሚስቶች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል፤ አል አኖን ይባላል። ባሎቻቸውን ለማዳን አልነበረም የሚሰበሰቡት፤ የባሎቻቸውን ነገር ከራሳቸው ትከሻ ለማውረድ ነው። እኛ ሰፈር አፎሻ አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ አብሮ የሚያለቅስ አፎሻ፣ በቁም ልጃቸው ለሚያስለቅሳቸው እናቶችም በወር አንድ ቀን ቡና ቢያፈላ ምን ይለዋል?

ልጁ በመጀመሪያው ወር ባጃጇን ተነጠቀ። እናቱን ሁለት ሳምንት አኩርፎ፣ ምሳውን ግን እየመጣ በላ። በሁለተኛው ወር ተራው ላይ ተገኘ፤ በሦስተኛው ሁለት ቀን ቀረ። ሚስቱ ገና ሂርና ናት፤ ቶሎ ተመለሺ አላልናትም። ባለፈው ሳምንት በሱቁ በኩል ሳልፍ ደብተሩን አየሁት። በልጁ ስም አዲስ ገጽ ተከፍቷል፤ 340 ብር ዕዳ አለበት። ያልተሰረዘ።