የዩኑስ ኤምሬ ቃልና የእኛ መንዙማ

የቱርክ ዜማ ሲባል ከተከታታይ ድራማዎች የምንሰማው ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እስቲ ዛሬ አሕመድ አድናን ሳይጉንን እናስተዋውቃችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ሳይጉን በ1907 ኢዝሚር ተወልዶ በፓሪስ ሙዚቃ ተማረ። በ1936 ከሃንጋሪው ቤላ ባርቶክ ጋር በአዳና አካባቢ መንደሮች እየዞረ የገበሬውንና የዘላኑን ዜማ በድምፅ መቅረጫ ሰበሰበ። በ1942 የሱፊውን ባለቅኔ የዩኑስ ኤምሬን ግጥሞች ለነጠላ ድምፃውያን፣ ለኳየርና ለኦርኬስትራ አዘጋጅቶ ጨረሰ፤ ሥራው በ1946 አንካራ ላይ ተሰማ።

ልብ በሉ! በቱርክ የደርቪሾች ተክያዎች በ1925 በሕግ ተዘግተዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ የዩኑስ ቃል በመንግሥት ከተማ አዳራሽ ማስተጋባቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሳይጉን የአናቶሊያን የዜማ ስልት በአውሮፓ ስልት አልዋጠውም፤ የሥራው ትልቅነትም እዚህ ላይ ነው።

ጉድለቱንም እንናገር። ዩኑስ ተራው ሰው በሚገባው ቱርክኛ የተቀኘ ነው። አዳራሹ ግን ቃሉን አክብሮ ከሰው አፍ አራቀው። ታዳሚው ተቀምጦ ያዳምጣል እንጂ አይቀበልም።

በእኛም አገር የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ (1938–1998) «እረኛው ባለ ዋሽንት» በተሰኘው ድርሰቱ የእረኛውን ዜማ ወደ ኦርኬስትራ አምጥቷል። ከእንጦጦ ዳገት እስከ ቀበና ወንዝ ለሚኖር ሰው የዋሽንት ድምፅ እንግዳ አይደለም።

መንዙማችንስ? ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር በአማርኛ የተቀኙት፣ ከጀማ ንጉሥ እስከ ዳና የሚባለው መንዙማ፣ አንዱ ሲያወጣ ጀመዓው እየተቀበለ ይኖራል። ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው እናውቃለን፤ ስለዚህ መንዙማችን ኦርኬስትራ ይልበስ አንልም። ከሳይጉን የምንወስደው የመጀመሪያ እርምጃውን ነው፤ መንደር ለመንደር ዞሮ መስማትና መቅረጽ።

ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቀበና ግቢያችሁ ከወሎ የመጡ አያት ካሉ፣ ልጆቻችሁ በእጃቸው ባለው ስልክ ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ ግጥሙን ከማን እንደተማሩት፣ በየትኛው መንደር፣ በምን ቀን ይባል እንደነበር ይጠይቁና ይጻፉ። ከሁሉም በላይ አብረው ይቀበሉ። የተቀረጸው ድምፅ ማስታወሻ ነው፤ መንዙማ የሚኖረው ግን ተቀባይ ሲኖረው ነው።