ቅኝትና ቅናት

የአንድ ሟች መሰንቆ መቺ የሕይወት ታሪክ ፊልም ደሴ ተቀምጬ ስጽፍ የመጀመሪያውን ረቂቅ ያበላሸብኝ አንድ ቃል ነው፤ «ቀናሁበት»። ባለታሪኬ የባላንጣውን ጨዋታ ሰምቶ ሲመለስ ለሚስቱ እንዲህ ብሎ ይናዘዝ ነበር። ገጹን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩና ዕድሜያቸውን በመሰንቆ ለፈጁ አዛውንት አነበብኩላቸው።

«ልጄ፣ የቀና ሰው እንዲህ አይናገርም። እንዲያውም ያሞግሳል» አሉኝ። መሰንቋቸውን አነሱ፤ ደጋኑን ጭራው ላይ አሳረፉና ሳይስቡት መልሰው አስቀመጡት። «የቀናስ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ንግግሩን ሰረዝኩት። አሁን ባላንጣው አምባሰል ሲጫወት የምናየው የሰሚውን ግራ እጅ ነው። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ዜማውን ይከተላሉ፤ እሱ አስቦት የማያውቀው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከእኛው አገር የወሰዱ ቅኝቶች ናቸውና የወሎ ተመልካች ጣቶቹ ለምን እንደቆሙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ይህን ከሚሎሽ ፎርማን ፊልም «አማዴዎስ» (1984 እ.ኤ.አ.) ቀድሜ መማር ነበረብኝ። የሙዚቃ ደራሲው ሳሊየሪ የባላንጣውን የሞዛርትን ኖታ ሲያገላብጥ ሥርዝ ድልዝ ያጣበታል፤ ወረቀቱ ከእጁ ይወድቃል። ያን ውበት አጥርቶ የሚሰማው እሱ ነው፤ ሕመሙም የጆሮው ዕዳ ነው። ቅናት «ምነው ለእኔም በሰጠኝ» ይላል፤ ምቀኝነት «ምነው ከእሱ በነሳው»። የፊልሙ ታሪክ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ነው።

ግን ያው ፊልም አስፈራኝ። ሳሊየሪ ሞዛርትን መርዟል ለሚለው ወሬ ማስረጃ የለም፤ ጭራሽ የሞዛርትን ትንሹን ልጅ ሙዚቃ አስተምሯል። 8 ኦስካር ያገኘው ፊልም ግን በብዙ ሰው ዘንድ የምቀኛ ምሳሌ አድርጎ አስቀረው።

የእኔ ባለታሪክ መቅናቱን ያጫወቱኝ ሰዎች አሉ፤ በጣቶቹ መቆም ያሳየሁት ግን የራሴ ፈጠራ ነው። እሱም ባላንጣውም ዛሬ መልስ አይሰጡም። ልጆቻቸው ደግሞ እዚሁ ደሴ በአንድ ሰርግ ላይ አብረው ይጫወታሉ።

ስለዚህ ጣቶቹን እንዳሉ ትቼ የባለታሪኬን ስም ቀየርኩ። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለውንም ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰረዝኩት።